የሁለተኛው ሲኒ መርፌ

ሁለቱ ሲኒዎች አንድ ላይ ተገለበጡ።

ከድጃ ልትይዛቸው እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችም። ናፍጣው ትሪው ላይ ፈሰሰ። ውስጡ የነበሩት ሁለት ቀጫጭን የብረት መርፌዎች ተንከባለው ሄዱና የትሪው ጠርዝ ሲያግዳቸው ጎን ለጎን ቆሙ። አጎንብሳ አየቻቸው። ርዝመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ብልጭታቸው አንድ።

«ከዱ! ኧረ ነይ!» አለች አልማዝ ከአጥሩ ውጭ ሆና። የከድጃ ክንድ ሲኒዎቹን የመታው ይህንኑ ድምፅ ቀደም ብላ ሰምታ ዞር ስትል ነበር።

«መጣሁ አልኩሽ እኮ!»

«ከጠዋት ጀምሮ መጣሁ ነሽ። ምርጫው በስምንት ሰዓት ነው። አንቺ ከቀረሽ እኔ ብቻዬን አፌን አልከፍትም፤ ያኔ ጉድሽ ይፈላል!»

የቀበሌው የኪነት ቡድን አባላት የሚመረጡት ያን ቀን ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ወር እንኳ ስላልቀረው በደብረ ታቦር ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ ዘፋኝና ተወዛዋዥ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰው፣ ክረምቱን አንዲት ዘፈን እየተቀባበሉ ሲለማመዱ ከርመዋል። ከድጃ ሰው ፊት ስትቆም ጉልበቷ የሚከዳት ልጅ ናት። ስትዘፍን ግን አይከዳትም። ይህን የምታውቀው አልማዝ ብቻ ናት።

የአባቷ ጋራዥ ከቤታቸው ጓሮ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግማሽ የሆነ ዳስ ነው። አባቷ «ሁሴን መካኒክ» ይባላሉ፤ ያን ሰዓት ጁምዓ ሊሰግዱ ወጥተው ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ኮፈኑን ከፍቶ ዳሱ ሥር ቆሟል። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ቅቅል ድንች በአዋዜ ይበላሉ፤ ጊዜው ፍልሰታ ነው።

«ሐኪም» አሏት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠሯት እንዲሁ ነው። «ታማሚዬ እንዴት ናት? ትድናለች ወይስ ቄስ ልጥራላት?»

«ትድናለች፣ ጋሼ» አለች ከድጃ፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠቻቸው። ሲኒዎቹን ቶሎ ብላ አቃናቻቸው። እሳቸው አላዩም።

የምታጥበው የመኪናውን ኖዝሎች ነበር። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ንጹሕ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጨዋል፤ ጥቀርሻ የያዘው ግን ያንጠባጥባል፤ ያኔ ሞተሩ ያጨሳል፣ ዳገት ላይም ይደክማል። ለላንድሮቨሩ አራት ኖዝሎች አባቷ አራት ሲኒዎች አሏቸው፤ በቀይ ቀለም ከአንድ እስከ አራት ተጽፎባቸዋል። የእያንዳንዱ ኖዝል መርፌ ከቤቱ ወጥቶ በየሲኒው ንጹሕ ናፍጣ ውስጥ ይቀመጣል። ጥቀርሻው በናስ ብሩሽ ይነሣል፣ ቀዳዳዎቹ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ይጠረጋሉ። ክር እንዳይገባ ጨርቅ አይነካቸውም። ከድጃ ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ይህን ሥራ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ትሠራለች።

«መርፌና ቤቱ ባልና ሚስት ናቸው» ይሏታል አባቷ። «አንድ ላይ ተሞርደው፣ አንድ ላይ ተለክተው የወጡ ናቸው። የሰው ቤት አይገቡም። ገቡ ብትይም አይኖሩም።»

መለያውም ቀላል ነው። መርፌውን ቤቱ አፍ ላይ ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው። የራሱ ቤት ከሆነ በራሱ ክብደት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል።

የተገለበጡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲኒዎች ነበሩ። ከድጃ ከሁለቱ መርፌዎች አንዱን አንስታ ሁለተኛው ቤት ላይ ለቀቀችው። ወረደ፤ ትንሽ የፈጠነ መሰላት። ሌላውን ሦስተኛው ላይ ለቀቀችው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። ገባ። ሲገባ ግን ጣቷ አንድ ነገር ነገራት፤ የማትጨበጥ ትንሽ ፍትጊያ፣ ጥርስ ላይ እንደምትቀር አሸዋ ያለች። ልትቀያይራቸው እጇን ዘረጋች።

«ሄድኩ በቃ! ከዱ፣ ሄድኩልሽ!»

ከድጃ መርፌዎቹን ሳትቀያይር ኖዝሎቹን ገጥማ አጠበቀቻቸው።

ወዲያው አባቷ ከመስጊድ ሲመለሱ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ከኋላቸው እየሮጠ ደረሰ። «ኃላፊያችን ጓድ አያሌው ባሕር ዳር ስብሰባ አለባቸው፤ መኪናው አሁኑኑ ይነሣ ብለዋል!»

አባቷ ኮታቸውን አወለቁ። «ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

ዓይናቸው ብረት ጨብጦ ወደሚይዘው ሞርሳ ሄደ። አጠገቡ ኖዝል የሚሞከርባት የእጅ ፖምፓ አለች። ኖዝሉን እዚያ ላይ ገጥሞ፣ ፊቱ ወረቀት አድርጎ ሲገፉት፣ ደህናው ወረቀቱን እንደ ጉም ያረጥበዋል፣ በሽተኛው ያንጠባጥብበታል። ያቺን ፖምፓ መግፋት አባቷ ካስተማሯት ሁለት ዓመት ሆኗል።

«ሞከርሻቸው?»

«አዎ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

አባቷ ሌላ አልጠየቁም። ኖዝሎቹን ተቀብለው ሞተሩ ላይ መግጠም ጀመሩ። ሞተሩ ሲነሣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ትንሽ ታንኳኳለች፣ ደምሴ።»

«ስትሞቅ ይለቃታል» አሉ ጋሽ ደምሴ መሪውን ይዘው። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው የቀረቻቸውን አንዲት ድንች ለከድጃ አቀበሏት። «እንኪ፣ ሐኪም። ለጉሮሮሽ። ዛሬ እንደምትዘፍኚ ሰምቻለሁ፤ የአልማዝ ጩኸት ጋፋት ድረስ ተሰምቷል።»

ከድጃ ድንቿን እየበላች ወደ ቀበሌው ሮጠች። ዘፈነች። ተመረጠች። አልማዝ ከደስታዋ ብዛት አቅፋ ስታዞራት፣ ከድጃ የቀኝ እጇን ጣት በአውራ ጣቷ እያሸች ነበር። ፍትጊያዋ አልለቀቀቻትም።

ላንድሮቨሩ ደብረ ታቦር የተመለሰው እሑድ፣ በቡሄ ዕለት ነው። በራሱ አልተመለሰም፤ አንድ የጭነት መኪና በሰንሰለት ጎትቶ አመጣው። ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ ከኋላው ይሮጡ ነበር። ከድጃ ከበሯ ሆና አየች። ጋሽ ደምሴ መሪውን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ወዲያና ወዲህ አይሉም። ሁልጊዜ በእነሱ ደጅ ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉ ነበር። ያን ቀን አልነፉም።

ወሬው ከመኪናው በፊት ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ከባሕር ዳር ሲመለሱ የዓለም በር ዳገት ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ከዚያ አጨሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጓድ አያሌው በዚያ ዝናብ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደዋል። መሥሪያ ቤቱ ያለው መኪና ያ ብቻ ነው፤ በዓሉ ደግሞ ደርሷል።

«ደምሴ ናፍጣውን ሸጦ በላምባ ቀላቅሎበታል» ተባለ። ሰኞ ቃሉ ተለወጠ። «አሻጥር ነው» ተባለ።

በዚያ ዘመን ይህች ቃል ቀላል አልነበረችም። ሰነፍ የተባለ ሰው ይገሠጻል፤ አሻጥረኛ የተባለ ግን ከሥራው ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ጋሽ ደምሴ አምስት ልጆች አሏቸው። ላንድሮቨሩ ማንም እንዳይነካው ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመ። የከድጃ አባት ልየው ብለው ቢሄዱ ዘበኛው መለሳቸው።

ሰኞ ከሰዓት ልምምድ ላይ የከድጃ ድምፅ ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ።

«ምን ሆነሻል?» አለች አልማዝ። «አርብ ዕለት እንደዚያ አንቆርቁረሽው!»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ ወጣ። ይህ ራሱ አስፈራት።

ማክሰኞ የመሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አባቷን ለምስክርነት ጠራቸው። ሲመለሱ የቀረበላቸውን ምሳ አልነኩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ምን ጠየቁህ?» አለች እናቷ።

«ሥራህ ንጹሕ ነበር ወይ አሉኝ። ንጹሕ ነበር አልኩ። ኖዝሎቹ ተሞክረዋል ወይ አሉኝ። አራቱም ተሞክረዋል አልኩ። ጓድ አያሌው አላመኑኝም፤ የግል ጋራዥ ያለው ሰው መቼ ይታመናል። እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።» ምሳውን ገፋ አደረጉት። «ወላሂ አልኳቸው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ገበያ ውስጥ ሰው ለአንድ ጣሳ ጨው ሰባት ጊዜ ይምላል። ሁሴን መካኒክ ግን አይምሉም። ሰው ሲጠራጠራቸው «ሥራዬን እዩት» ብለው ዝም ነው።

«ደምሴ ላይ መመስከር ሆነብኝ» አሉ አባቷ። «እንዲያ አስቤ አልነበረም። የኔ ሥራ ንጹሕ ከሆነ ግን ጥፋቱ የናፍጣው ነው አሉ፤ ናፍጣው ደግሞ በሱ እጅ ነበር። ምን ልበል? ያወቅሁትን ተናገርሁ።»

ከድጃ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብትሄድ መጋረጃውን ታልፋለች። አንድ እርምጃ ብቻ ነበረች። ብዙ ዓመት ቆይቶም ያቺን እርምጃ ታስባት ነበር፤ እንዴት ቅርብ እንደነበረች፣ እግሯም እንዴት እንደከበዳት። ያን ቀን ግን መጋረጃውን ሳታልፍ ቀረች።

ረቡዕ ጋሽ ደምሴ መጡ። አባቷ መለዋወጫ ፍለጋ አንበሳሜ ሄደው ስለነበር ከድጃ ብቻዋን ጋራዡን ትጠርጋለች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«አንሺው፣ አንሺው» አሉ። ጎማቸው ላይ ተቀመጡ። ጺማቸው አድጓል። «ጾም ተፈታ። ልጆቼ ዶሮ ዶሮ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዶሮዋን እያየሁ፣ አንቺስ ከኔ ትሻያለሽ፣ የሚሰበሰቡብሽ ለአንድ ቀን ብቻ ነው እላታለሁ።»

ሊያስቋት ፈልገው እንደሆነ ገባት። መሳቅ አልቻለችም።

ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው ለከድጃ ሰጧት። «ይሄ እዚህ ቤት ያለ ዕቃ ነው፤ ልመልስ ብዬ ነው።»

ከፈተችው። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ መርፌ አለ። ጫፉ በእሳት ሰማያዊ ሆኗል።

«ዳገቱ ላይ ጓድ አያሌው በእግራቸው ሲሄዱ እኔ ኖዝሎቹን ፈታኋቸው። የሦስተኛው መርፌ ነክሶ ቀርቷል። ጎትቼ አወጣሁት። ከዚያ እንዲሁ ሲደንቀኝ ሁለተኛው ቤት ላይ ለቀቅሁት።» መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱ። «በራሱ ክብደት ወረደ። ቤቱ እንደገባ ሰው። ግን ሞተሩ አንዴ ተጎድቶ ነበር፤ አልተነሣልኝም።»

ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጀመረ።

«ለምን አልነገሯቸውም፣ ጋሼ?» አለች ከድጃ።

«ማንን ብዬ? ሁሴንን? ወይስ ሐኪሟን?» ጎማውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «እንዲያውም ማክሰኞ ልናገር ነበር። ቀፎው ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄም ገብቷል። አባትሽ በመሃል ወላሂ አለ። አሥራ አምስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሲምል ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ይህን ባወጣ እኔ ነጻ እወጣ ነበር፤ እሱ ግን ሰው ሁሉ ፊት በሐሰት የማለ ሰው ይሆናል። እጄን መለስሁ።» ተነሡ። «እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሌላ መሪ አላጣም። ሁሴን ቃሉ ከጠፋ ሌላ ቃል ከየት ያመጣል?»

«ነገ ምን ይወስኑብዎታል?»

«በሦስት ሰዓት ይሰበሰባሉ። የሚሉትን ይላሉ።» ደጃፉ ላይ ዞር አሉ። «ያቺን ዘፈን ግን አላሰማሽኝም።»

ሄዱ። ተናገሪ አላሏትም። ዝም በይም አላሏትም። ከድጃ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ።

አባቷ ከአንበሳሜ ሲመለሱ ከድጃ ሞርሳው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው። የክብሪት ቀፎውን ፊታቸው አኖረችው።

«ምንድን ነው?»

«የላንድሮቨሩ መርፌ ነው። የሁለተኛው ሲኒ። ሦስተኛው ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሲኒዎቹ ተገልብጠውብኝ ነበር።»

አባቷ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት።

«ሞክሬያቸዋለሁ አላልሽኝም?»

«አልሞከርኳቸውም።»

«ጣትሽ አልነገረሽም?»

ከጥያቄው ሁሉ የከበዳት ይኸው ነበር። ጣቷን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ነግሮኛል» አለች።

አባቷ የጋሽ ደምሴ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም። እንባዋ ሲወርድም አላባበሏት።

«ወላሂ ስል ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ» አሉ በመጨረሻ። «ምነው እንዲህ አየኝ ብዬ ነበር። ቂም መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት።» መርፌውን ወደ ቀፎው መለሱት። «ፖምፓዋ እዚሁ ነበረች። እኔም እዚሁ ነበርሁ። መሞከር እችል ነበር፤ ቸኮልሁ። ደግሞም ሞክሬያለሁ ካልሽኝ በኋላ ደግሜ ብሞክር፣ አላመነኝም ትላለች አልኩ።»

ከድጃ አራቱን ሲኒዎች አነሳች፣ አጠበች፣ በተራቸው ደረደረቻቸው። ሌላ የምትሠራው ነገር አልነበራትም።

«ነገ ሄጄ መሐላዬን አነሣለሁ» አሉ አባቷ።

«እኔም እሄዳለሁ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ጋራዡን ሊዘጉት ይችላሉ፤ እኔንም ሊያቆዩኝ ይችላሉ። አንቺ ከናትሽ ጋር ሁኚ።»

«አባዬ፣ እርስዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል? አሁንም የሚናገሩት ከኔ የሰሙትን ነው። ያየሁት እኔ ነኝ።»

አባቷ ለሶላት የውዱእ ውኃቸውን ይዘው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ጭቃው ግን እንዳለ ነበር። ከድጃ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች፤ ሌላ ደህና ልብስ ያላት አልመሰላትም። አባቷ የአጥሩን በር ከፍተው ቆመዋል። አዩዋት። ሂጂም ቅሪም አላሉም፤ እስክታልፍ ድረስ በሩን ያዙላት። እናቷ በእጇ አፏን ይዛ ከደጃፉ ቆመች።

መንገድ ላይ አልማዝን አገኟት። «ከዱ! ልምምድ እኮ…» ብላ ጀመረችና የአባትየውን ፊት ስታይ ተወችው።

መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ላንድሮቨሩ ኮፈኑ እንደተዘጋ ቆሟል። ጋሽ ደምሴ ባሕር ዛፉ ሥር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከድጃን ሲያዩ ብድግ አሉ። በእጇ የያዘችውን የክብሪት ቀፎ አዩ። ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ሐኪም» አሉ በለሆሳስ። «ተመለሺ። ግድ የለም።»

አባቷ ወደ እሳቸው ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፤ የትኛው ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ ከድጃ አላየችም። እሷ ደረጃውን ጀምራ ነበር።

አምስት ደረጃ ነው። በሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ያዘች፤ ቀዝቃዛ ነበር። ቆየች። ከኋላዋ አባቷ ኮፍያቸውን አውልቀው አንደኛው ደረጃ ሥር ሲቆሙ ተሰማት፤ አልደገፏትም፣ አልቀደሟትም። ከበሩ ወዲያ የሰዎች ድምፅ አለ፤ ወንበር ይጎተታል፣ አንድ ሰው ያስላል።

የቀረውን ሁለት ደረጃ ወጣች። ቀፎውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ከዚያ የቀኝ እጇን ያንኑ ጣት አጥፋ በሩን አንኳኳች።